የጥገኛው ቃልና የሰሚው ጆሮ
ስለ ጥገኝነት ጠያቂዎች የሥነ ልቡና ምርመራ ታሪክ

ነፍሱን ለማዳን አገሩን ጥሎ የሚሸሽ ሰው ይዞት የሚወጣው ነገር ጥቂት ነው፤ ብዙ ጊዜም በእጁ የሚቀረው ማስረጃ ቃሉ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ የጥገኝነት ታሪክ በሌላ ወገን ሲታይ የመስማት ታሪክ ነው። በዘመናችን ይህን ቃል ለመመዘን ከሹምና ከዳኛ ሌላ የአእምሮ ሐኪምና የሥነ ልቡና ዐዋቂ ተጨምረዋል። የዚህ አጭር ጥናት ዓላማ ምርመራው እንዴት እንደ መጣ፣ ለምን እንደሚጠቅምና በአገራችን ሰዎች ላይ ሲሠራበት ምን እንደሚያጋጥመው ማሳየት ነው።

በመጀመሪያ የጥንቱን ልማድ እንመልከት። የእስልምና ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ እ.ኤ.አ. በ615 የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች ከመካ ሸሽተው ወደ አክሱም መንግሥት በመጡ ጊዜ አሳዳጆቻቸው እጅ መንሻ አስይዘው መልእክተኞች ላኩ፤ ስደተኞቹ ተላልፈው እንዲሰጡም ጠየቁ። ንጉሡ ግን የስደተኞቹን ቃል ሳይሰማ አሳልፎ ለመስጠት እምቢ አለ፤ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ ስለ ወገኖቹ ከተናገረ በኋላም እጅ መንሻውን መልሶ ስደተኞቹን አስቀረ። እንግዲህ በአገራችን ስለ ጥገኝነት የተደረገ የቃል መስማት ሥነ ሥርዓት ከሚተረክባቸው ሁሉ ቀደምቱ ይህ ነው ማለት ይቻላል። በኋለኛው ዘመን ደግሞ እንደ አክሱም ጽዮን ባለ ገዳም ቅጥር የገባ ሰው ከአሳዳጁ እጅ ይድን ነበር።

ሌላው ምሳሌ ከአዲስ አበባ ዙሪያ የሚገኝ ነው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉ ከተሞች ናቸው፤ አገሩ ግን ከጥንት የቱለማ ኦሮሞ አገር ነው። በገዳ ሥርዓት ውስጥ ሞጋሳ የሚባል ልማድ አለ፤ ይኸውም ከሌላ ወገን የመጡ ሰዎች በአባ ገዳው ፊት መሐላ ፈጽመው የጎሣው ልጆች የሚሆኑበት ነው። ሞጋሳ ተጠግቶ ለመጣ ብቻ ሳይሆን በጦርነት ለተረታም ይሠራ ስለ ነበር፣ ነገሩን ሁሉ ከርኅራኄ የመጣ ማድረግ አይገባም። ሆኖም ለኛ ጥናት የሚጠቅመው ቁም ነገር አንድ ነው፤ በአክሱም የስደቱ ምክንያት ተጠየቀ፣ በገዳም ቅጥሩን መርገጥ በቃ፣ በሞጋሳ መሐላው በቃ፤ የሸሸው ሰው ፍርሃት በውስጡ ምን ያህል እንደ ሆነ ግን ማንም አልመዘነም።

ይህን ሚዛን ያመጣው እ.ኤ.አ. በ1951 በጄኔቭ የተፈረመው የስደተኞች ስምምነት ነው። ስምምነቱ ስደተኛ የሚለው በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በአንድ ማኅበራዊ ወገን አባልነቱ ወይም በፖለቲካ አስተያየቱ ምክንያት እንዳይሳደድ «በቂ መሠረት ያለው ፍርሃት» ያደረበትን ሰው ነው። ፍርሃቱ የልብ ነገር ነው፤ መሠረቱ ግን የውጭ ነገር ነው። ሹሙ ሁለቱን አጣምሮ እንዲመረምር ተገደደ።

የአፍሪካ መንግሥታት ይህ ብቻ እንደማይበቃ ተረድተው ጳጉሜን 5 ቀን 1961 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሌላ ስምምነት ተፈራረሙ። በዚህም በውጭ ወረራ፣ በባዕድ አገዛዝ ወይም የሕዝብን ጸጥታ እጅግ በሚያናጋ ሁኔታ የተሰደደው ሁሉ ስደተኛ እንዲባል ተወሰነ። በዚህ አንቀጽ መሠረት ከጦርነት የመጣ ሕዝብ በጅምላ ሊታወቅ ይችላል፤ የእያንዳንዱ ሰው ልብ መመርመር አያስፈልግም። ኢትዮጵያ ከሁለት ወር በኋላ፣ ኅዳር 1 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ የጄኔቩን ስምምነትም ተቀበለች። ስለዚህ ሁለቱም መንገዶች በአገራችን ሕግ ውስጥ ይገኛሉ።

የሥነ ልቡና ምርመራ የገባው ሰው በተናጠል በሚመዘንበት መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ የሚመጣውን የአእምሮ ሕመም በመዝገቡ አስገባ፤ ለዚህም ከቬትናም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ሁኔታ ትልቅ ምክንያት ሆኗል። በ1982 ዶክተር ኢንገ ገነፍከ በኮፐንሃገን የሥቃይ ሰለባዎች የሚታከሙበት ማዕከል አቋቋሙ። በ1999 ደግሞ ከ15 አገሮች የተውጣጡ ከ75 የሚበልጡ ባለሙያዎች ያዘጋጁት የኢስታንቡል ፕሮቶኮል ለተባበሩት መንግሥታት ቀረበ። በዚህ መመሪያ መሠረት ሐኪሙ «ይህ ሰው እውነተኛ ነው» ብሎ አይፈርድም፤ የታየው ጠባሳ ወይም የአእምሮ ሁኔታ ከተነገረው ታሪክ ጋር ምን ያህል እንደሚስማማ በደረጃ ይገልጻል። ፍርዱ የዳኛው ነው።

የሐኪሙ አስፈላጊነት ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በትዝታ ጉዳይ ነው። ሹሙ የአመልካቹን ሁለት ቃሎች አስተያይቶ ልዩነት ባገኘ ጊዜ ሐሰት ነው ለማለት ይቸኩላል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2002 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት፣ በዚያ አገር የመኖር ፈቃድ ቀድሞ የተሰጣቸውን የኮሶቮና የቦስኒያ ስደተኞች ሁለት ጊዜ ጠይቆ ቃላቸው እንደሚለያይ አሳይቷል። እነዚህ ሰዎች ለመዋሸት ምክንያት አልነበራቸውም።

በእኛ ሰዎች ላይ ሲሆን ችግሩ ይበዛል። ዘመናችን ከኤውሮጳው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይለያል፤ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት ወሰዱኝ» ያለ ሰው በእነርሱ አቈጣጠር 2 ሰዓት ማለቱ ነው፤ አባትና ልጅ የሚጠሩበት ሁለተኛ ስም አንድ አይደለም። ከዚህም በላይ ያደግንበት ጨዋነት «ሆድ ይፍጀው» የሚል ነው። የደረሰባትን ነውር በባዕድ ሹም ፊት፣ ይልቁንም ያገሯ ሰው እያስተረጐመ፣ በመጀመሪያው ቀን ያልተናገረች ሴት ዘግይታ ብትናገር ፈጠረች አያሰኛትም።

በተቃራኒው፣ ያልተዛነፈ ታሪክ እውነተኛነትን አያረጋግጥም። በቀይ ሽብር ዘመን በአዲስ አበባ የከፍተኛ 9 ሊቀ መንበር የነበረው ከልቤሳ ነገዎ ወደ አሜሪካ ሄዶ ጥገኝነት ጠየቀ፤ ተሰጠውም። በአትላንታ በአንድ ሆቴል ሲሠራ ግን ካሠቃያቸው ሴቶች አንዷ ለየችው። ሦስት ሴቶች ከሰሱት፤ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ1993 ቃላቸውን አምኖ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንዲከፍል ፈረደ። በ2006 ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። አሳዳጁ ቀድሞ የታመነበትን፣ የተሳደዱት ግን በክስ ያስረዱበትን ይህን ነገር ጥገኝነትን የሚያጠና ሁሉ ሊያስበው ይገባል።

ጉዳዩ በውጭ ላሉት ወገኖቻችን ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ ራሷ የብዙ መቶ ሺህ ስደተኞች መጠጊያ ናት፤ በጥር 2012 ዓ.ም. ደግሞ ለኤርትራ ስደተኞች በጅምላ ይሰጥ የነበረው እውቅና ተለውጧል። የጅምላው መንገድ በጠበበ መጠን የተናጠሉ ጥያቄ ይበዛል፤ በዚያው መጠን መስማት የሚችል ባለሙያ ያስፈልጋል። ባለሙያው ግን ጥቂት ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው የአማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ጊዜ በአገሩ ያለ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር፤ በቡራዩ አጠገብ ያለው የገፈርሳ ማገገሚያም ለቆዩ ሕሙማን የሚያገለግል ነው። የአእምሮ ሐኪሞች በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስፔሻሊስትነት መሠልጠን የጀመሩት በ1995 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት አሳብ የሚከተለው ነው። የሥነ ልቡና ምርመራ የጥገኛውን ውሸት ለማውጣት እንደ ወጥመድ ከተያዘ ጉዳቱ ይበልጣል፤ ሰሚው የሚሰማውን እንዲያስተውል ከረዳው ግን ንጉሡ በአክሱም ያደረገውን የሚያጠናክር ነው። ለዚህም የሕግ ተማሪ ስለ ትዝታ፣ የሕክምና ተማሪ ስለ ስደተኞች ሕግ፣ የቋንቋ ተማሪም ስለ ማስተርጐም ኀላፊነት አብረው ቢማሩ መልካም ነው። በተለይ ጭንቀትን፣ ኀዘንንና ድንጋጤን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሶማልኛ ሰው በምን ቃል እንደሚገልጸው የሚያስረዳ መዝገብ ማዘጋጀት በእኛ ዐቅም የሚቻል ሥራ ነው። በተሳሳተ ትርጕም ምክንያት ወደ አሳዳጁ የሚመለስ ሰው ይግባኝ የሚልበት ጊዜ ላያገኝ ይችላልና፣ ሥራው እንዲጀመር መምህራንና ተማሪዎች አሳብ እንዲሰጡበት በትሕትና እናቀርባለን።