አራት ዓይናው ሊቅና ባለ ስምንት ራሱ ማሽን

ፊደል የሚቆጥር የአብነት ተማሪ በእጁ ስንጥር ይይዛል። አንዱን ፊደል ነክቶ ስሙን ይጠራል፤ ከዚያም ወደ ቀጣዩ ይሻገራል። በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ ከመካነ ሰላም እስከ መቅደላ አምባ፣ አያሌ ትውልድ ንባብን የጀመረው እንዲህ ነው። በቁርኣን ቤትም ሕፃኑ በሉሑ ላይ የተጻፈለትን በጣቱ እየተከተለ ይቀራል። ስንጥሩም ጣቱም የዓይን ልጓም ናቸው፤ ገጹ በፊደል ቢሞላም «አሁን እዚህ ብቻ ተመልከት» ይላሉ።

ሳይንስ ይህን ልጓም ለመመርመር ዘግይቶ ተነሣ። ሩሲያዊው አልፍሬድ ያርቡስ የዓይንን እንቅስቃሴ እየመዘገበ ያጠናውን እ.ኤ.አ. በ1965 በመጽሐፍ አወጣ። ለአንድ ተመልካች የኢሊያ ሬፒንን ሥዕል አሳየው። የሰዎቹን ዕድሜ ገምት ሲለው ዓይኑ ወደ ፊታቸው ሄደ፤ የቤተሰቡን ኑሮ ገምት ሲለው ወደ ልብሳቸውና ወደ ቤቱ ዕቃ ዞረ። ሥዕሉም ተመልካቹም ያው ናቸው፤ የተለወጠው ጥያቄው ነበር።

ማሽንን ማየት ያስተማሩት ሰዎች የጀመሩት ግን ከጥያቄው ሳይሆን ከቀለሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ሎራን ኢቲ፣ ክሪስቶፍ ኮክና ኤርንስት ኒቡር በቀለሙ፣ በብርሃኑና በመስመሩ አቅጣጫ ከአካባቢው ጎልቶ የሚታየውን ነጥብ የሚመርጥ የኮምፒዩተር ሥርዓት አቀረቡ። ለዚያ ማሽን የብራና ገጽ ቢሰጡት፣ የቅዱሳን ስም የተጻፈበት ቀይ ቀለም ቀድሞ በሳበው ነበር። ዓይን በምን እንደሚጠራማ ቁም ጸሐፊዎቻችን ከጥንት ያውቁታል!

እ.ኤ.አ. በ2014 ዲሚትሪ ባዳናውና ባልደረቦቹ የትርጉም ማሽን እያንዳንዱን ቃል ሲያወጣ ከዋናው ዓረፍተ ነገር የትኛውን ክፍል ማየት እንዳለበት ራሱ እንዲማር አደረጉ፤ ስንጥር አስያዙት ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2017 የመጣው ትራንስፎርመር ደግሞ በመሠረታዊ ቅርጹ ትኩረትን ለስምንት «ራሶች» አካፈለ። ስምንቱም በአንድ ጊዜ እያዩ፣ እያንዳንዱ የየራሱን ዝምድና ይፈልጋል።

ይህ ብልሃት ወደ ፊደላችንም ደርሷል። «ሉ» እና «ሊ» የሚለዩት በቀኝ በኩል ባለች አንዲት ጭረት ነው፤ በአንዱ ወገቡ ላይ፣ በሌላው እግሩ ሥር። እ.ኤ.አ. በ2023 ብርሃኑ ኃይሉ በላይና ባልደረቦቹ ከ18ኛው እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእጅ ከተጻፉ ጽሑፎች 80,000 ያህል መስመሮችን አሰባስበው ማሽንን ንባብ አስተማሩ፤ ከሰው አንባቢም ጋር አወዳደሩት።

ነገሩ ለዚህ ደጋ ባዳ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ያከማቿቸው መጻሕፍት፣ ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ በእንግሊዝ ጦር ተዘረፉ። 350 ያህሉ ብራናዎች ዛሬም ለንደን፣ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ማሽኑ አንድ ቀን የእነዚያን ገጾች ምስል መስመር በመስመር ያነብ ይሆናል። ለመሆኑ፣ ምን ፈልግ ብሎ የሚያዘው ማን ነው?

በአበው ልማድ የብሉዩን፣ የሐዲሱን፣ የሊቃውንቱንና የመነኮሳቱን ትርጓሜ የጠነቀቀ መምህር «አራት ዓይና» ይባላል። አንዱን ገጽ በአራት ልዩ ልዩ ጥያቄ ሊያየው ይችላልና። ያርቡስ በመሣሪያ የደረሰበትን ነገር አበው በማዕረግ ስም አኑረውታል። እኛም ለአዲሱ ጥበብ «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» የሚል የከበረ ስም ሰጥተነዋል። ስሙ እንዲገባው ከፈለግን፣ ማሽኑ ፊደል በሚለይበት በዚህ ዘመን ጉባኤ ቤቱ እንዳይታጠፍ እናስብ። ብራናዎቹ ቢነበቡ እንኳ፣ አራት ዓይናው ከሌለ ባለ ስምንት ራሱን ማን ይጠይቀዋል?