ኃላፊነትና ተጠያቂነት፦ የአማዞን ማኅበራዊ ኃላፊነት በታሪክ ዓይን

(ለተማሪዎችና ለመምህራን በቃል የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል።)



ለዛሬው ንግግሬ መነሻ የሆነኝ አንዲት ተማሪ በሴሚናር ላይ ያነሣችው ጥያቄ ነው። የአማዞንን የዘላቂነት ሪፖርት አትማ ይዛ መጥታ፣ «ይህ ለታሪክ ጸሐፊ ምንጭ ነው ወይስ ማስታወቂያ?» ስትል ጠየቀችኝ። እኔም «ሁለቱንም ነው» ብዬ አለፍሁት። መልሴ ስሕተት ባይሆንም ስንፍና ነበረበት። ዛሬ ያንን ዕዳ ለመክፈል እሞክራለሁ።

የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። አንድ ትልቅ ድርጅት «ኃላፊነቴ ነው» ብሎ የሚያውጀውን ነገር ለመረዳት ቃሉን ማንበብ አይበቃም። ቃሉ የተነገረበትን ቀን፣ ከዚያ ቀን በፊትም ማን ምን ሲጠይቅ እንደ ነበረ መመርመር ያሻል። በቋንቋችን «ኃላፊነት» እና «ተጠያቂነት» የሚሉትን ቃላት ብዙ ጊዜ እያለዋወጥን እንጠቀምባቸዋለን። ይሁን እንጂ ኃላፊነትን ማንም ብቻውን ሆኖ ሊወስደው ይችላል፤ ተጠያቂ ለመሆን ግን የግድ ጠያቂ ያስፈልጋል። ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከአማዞን በፊት

ቤቱ ተቀምጦ ዕቃ የሚያዝ ደንበኛ የኢንተርኔት ዘመን ፍጥረት አይደለም። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በቺካጎ ያደገው ሲርስ ሮባክ የተባለው ኩባንያ፣ ወፍራም የዕቃ ካታሎግ በፖስታ እየላከ ለአሜሪካ ገጠር ሕዝብ ከልብስ ስፌት መኪና ጀምሮ ብዙ ዓይነት ዕቃ ይሸጥ ነበር። በ1906 በቺካጎ ምዕራባዊ ክፍል በከፈተው ግዙፍ ሕንጻ ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች ትእዛዝ ያነባሉ፣ ዕቃ ይለያሉ፣ ያሽጋሉ። የዛሬው የአማዞን መጋዘን አያት ይህ ሕንጻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የኩባንያው መሪ ጁሊየስ ሮዘንዋልድ በ1912 ከቡከር ቲ. ዋሽንግተን ጋር በመተባበር በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ለጥቁር ልጆች ትምህርት ቤት ማሠራት ጀመረ። ሥራው እስከ 1932 ሲቀጥል ወደ 5,000 የሚጠጉ ትምህርት ቤቶች ተሠሩ። ሮዘንዋልድ ሙሉውን ወጪ አልሸፈነም፤ እያንዳንዱ አካባቢ ድርሻውን እንዲያዋጣ ይጠይቅ ነበር። ጥቁር ገበሬዎችና ሠራተኞች በገንዘብ፣ በመሬት፣ በእንጨትና በጉልበት ያዋጡት ሲደመር ከእርሱ ስጦታ የሚያንስ አልነበረም።

ይኸው ሰው በ1913 በኢሊኖይ ግዛት ምክር ቤት አጣሪ ኮሚሽን ፊት ቀርቧል። ኮሚሽኑ የጠየቀው ስለ ትምህርት ቤቶቹ ሳይሆን፣ ለወጣት ሴት ሠራተኞቹ የሚከፍለው ደመወዝ ለኑሮ ይበቃ እንደ ሆነ፣ የደመወዙ ማነስም ሴቶቹን ወደ ዝሙት አዳሪነት ይገፋ እንደ ሆነ ነበር። ሮዘንዋልድ በደመወዝና በዝሙት መካከል ግንኙነት የለም ሲል መለሰ። በ1916 ኩባንያው ሠራተኞቹን የትርፍ ተካፋይ የሚያደርግ ፈንድ አቋቋመ። ጥያቄው ፈንዱን ወለደ ብዬ አልከራከርም። ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው፣ በውጭ ያለው ቸርነትና በውስጥ ያለው ደመወዝ በሁለት የተለያዩ መዝገቦች መጻፋቸውን ነው። አንዱን አንብቦ ሌላውን መዝጋት አይቻልም።

ያለ ጠያቂ የመጣ ስጦታ

ወደ አማዞን ልመለስ። ጄፍ ቤዞስ በ1994 ያቋቋመው ይህ ድርጅት በ1995 መጻሕፍትን በመሸጥ ሥራውን ጀመረ። በ2013 «አማዞን ስማይል» የተባለ መርሐ ግብር ዘረጋ። ደንበኛው አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ይመርጣል፤ አማዞንም ከተፈቀዱት ግዢዎች ዋጋ 0.5 በመቶ ለዚያ ድርጅት ይሰጣል። ብዙ ትናንሽ ማኅበራት ከዚህ ተጠቅመዋል። ይሁን እንጂ በጥር 2023 ኩባንያው ገንዘቡ ከአንድ ሚሊዮን በሚበልጡ ድርጅቶች መካከል ስለ ተበታተነ የተፈለገውን ውጤት አላመጣም ብሎ፣ መርሐ ግብሩን በየካቲት ዘጋው። ለእያንዳንዱ ድርጅት በአማካይ የደረሰው ከ230 ዶላር ያነሰ መሆኑንም ገለጸ።

ምክንያቱ ሐሰት ነው አልልም። ነገር ግን ተቀባዮቹ በአከፋፈቱም ሆነ በአዘጋጉ ድምፅ አልነበራቸውም። ሰጪው እንደ ፈቀደ ሰጠ፣ እንደ ፈቀደም አቆመ። ኃላፊነት ነበረ፤ ተጠያቂነት ግን አልነበረም።

ጠያቂ ሲኖር

በመስከረም 2011 በፔንሲልቬንያ ግዛት የሚታተመው «ሞርኒንግ ኮል» ጋዜጣ፣ በአካባቢው ባለው የአማዞን መጋዘን ውስጥ ሠራተኞች በሙቀት እየተዳከሙ ሲወድቁ፣ አምቡላንስ በር ላይ ቆሞ ይጠብቅ እንደ ነበረ ጻፈ። በቀጣዩ ዓመት ኩባንያው በመጋዘኖቹ ማቀዝቀዣ ለመትከል 52 ሚሊዮን ዶላር ማውጣቱን አስታወቀ።

ቀጥሎ የደመወዙ ጉዳይ መጣ። በ2012 በኒው ዮርክ የፈጣን ምግብ ቤት ሠራተኞች በሰዓት 15 ዶላር እንዲከፈላቸው አድማ መቱ። በመስከረም 2018 ሴናተር በርኒ ሳንደርስ፣ ሠራተኞቻቸው በመንግሥት ድጎማ የሚኖሩ ትልልቅ ድርጅቶች ያንን ወጪ እንዲመልሱ የሚያስገድድ ረቂቅ ሕግ በቤዞስ ስም ሰይመው አቀረቡ። አንድ ወር ሳይሞላ፣ በጥቅምት 2፣ አማዞን በአሜሪካ ዝቅተኛ ደመወዙን 15 ዶላር እንደሚያደርግ አስታወቀ። በዚያው ጊዜ ግን በሰዓት ለሚከፈላቸው ሠራተኞች ይሰጥ የነበረውን የአክሲዮን ድርሻና ወርኃዊ ጉርሻ አስቀረ። እዚህም ሁለቱን መዝገቦች ጎን ለጎን ማንበብ ያስፈልጋል።

ወደ እኛ ቀጠና ሰዎች የሚያቀርበን ታሪክ የተፈጸመው በሚኒሶታ ግዛት፣ ሻኮፒ በምትባል ከተማ ነው። በዚያ መጋዘን ከሚሠሩት ብዙዎቹ ከምሥራቅ አፍሪካ፣ በተለይም ከሶማሊያ የተሰደዱ ሙስሊሞች ነበሩ። የእያንዳንዱ ሰው ፍጥነት በመሣሪያ ስለሚመዘገብ፣ ለጸሎት የቆመ ሰው ከኮታው ይጎድላል። በረመዳን ጾም ደግሞ ሥራው ይበልጥ ከባድ ይሆናል። ሠራተኞቹ «አዉድ» በተባለው ማዕከል ዙሪያ ተሰባሰቡ፤ ቃሉ በሶማሊኛ «ኃይል» ማለት ነው። በ2018 የኩባንያው አስተዳዳሪዎች ከእነርሱ ጋር ተቀምጠው ተነጋገሩ፤ አንዳንድ ማሻሻያም አቀረቡ። ሠራተኞቹ ግን አልበቃቸውም፤ በታኅሣሥ ወር ሰልፍ ወጡ፤ በሐምሌ 15፣ 2019፣ ኩባንያው ታላቅ የቅናሽ ሽያጭ በሚያደርግበት ቀን፣ ለሰዓታት ሥራ አቆሙ።

በ2023 የሚኒሶታ ግዛት የመጋዘን ሠራተኞችን የሚጠብቅ ሕግ አወጣ። አሠሪው የሥራ ኮታውን በጽሑፍ፣ ሠራተኛው በሚረዳው ቋንቋ እንዲያሳውቅ ያዛል። ሠራተኛውን ከምግብ፣ ከዕረፍትና ከመጸዳጃ ጊዜው የሚያሳጣ ኮታም ይከለክላል። ከስደት የመጡ የመጋዘን ሠራተኞች ያነሡት ጥያቄ የግዛት ሕግ ለመሆን በቃ። ይህን ኩባንያው እንደ «ስማይል» በአንድ መግለጫ ሊዘጋው አይችልም።

የመጠየቅ ዋጋ

በሚያዝያ 2019 ከ8,000 በላይ የአማዞን የቢሮ ሠራተኞች ኩባንያው የአየር ንብረት ዕቅድ እንዲያወጣ የሚጠይቅ ግልጽ ደብዳቤ ፈረሙ። በግንቦት የባለአክሲዮኖች ጉባኤ ጥያቄውን ውድቅ አደረገው። ሠራተኞቹ መስከረም 20 ቀን ሥራ ትተው ለመውጣት ወሰኑ። በዋዜማው፣ መስከረም 19፣ ቤዞስ እስከ 2040 የተጣራ የካርቦን ልቀትን ዜሮ ለማድረስ ቃል ገቡ፤ 100,000 የኤሌክትሪክ ቫኖች መታዘዛቸውንም አበሠሩ። በዚያው ወቅት የወጣው የኩባንያው የ2018 የልቀት መጠን 44.4 ሚሊዮን ሜትሪክ ቶን ነበር፤ በ2021 ከ71 ሚሊዮን አለፈ።

በሚያዝያ 2020 ከጠያቂዎቹ መካከል ግንባር ቀደም የነበሩ ሁለት ሠራተኞች ከሥራ ተባረሩ። የአገሪቱ የሠራተኛ ጉዳይ ቦርድ አቤቱታቸውን ተቀብሎ ከመረመረ በኋላ፣ ጉዳዩ በመስከረም 2021 በስምምነት ተዘጋ። ስለዚህ ከታላላቅ መግለጫዎች ጀርባ፣ የሪፖርቱ ሠንጠረዥ የማይቆጥረው ዋጋ አለ፤ የከፈሉትም ቀድመው የጠየቁት ናቸው።

ጥንቃቄና መደምደሚያ

አንዳንዶቻችሁ «ከኋላ መምጣት መንስኤን አያረጋግጥም» እንደምትሉኝ አውቃለሁ፤ ትክክልም ናችሁ። በ2018 ሥራ አጥነት ዝቅተኛ ስለ ነበረ ሠራተኛ ለማግኘት ደመወዝ መጨመር አስፈላጊ ነበር። የቫኖቹ ግዢም በአንድ ሌሊት የሚወሰን አይደለም። የቀናት መቀራረብ ምርመራውን ያስጀምረናል እንጂ አይጨርስልንም። ሆኖም የመንስኤው ክርክር ባያልቅ እንኳ የማያከራክር አንድ መለኪያ አለ፤ እርሱም «ይህን ቃል ማን ሊሽረው ይችላል?» የሚለው ነው። ስጦታውን የሻረው ሰጪው ራሱ ነው። ሕጉን ለመሻር ግን ምክር ቤት ያስፈልጋል።

እንግዲህ ለተማሪዬ የዘገየ መልሴ ይህ ነው። ሪፖርቱ ምንጭ ነው፤ ነገር ግን የግማሽ ውይይት ምንጭ ነው። በውስጡ መልሶች አሉ፤ ጥያቄዎቹ ግን በሌላ ቦታ፣ በጋዜጣ ዓምድ፣ በአጣሪ ኮሚሽን ቃለ ጉባኤ፣ በአድማ ጥሪ ወረቀት፣ በፍርድ ቤት መዝገብ ይገኛሉ። በአገራችንም ኩባንያዎች እንዲህ ያለ ሪፖርት ማተም ሲያዘወትሩ፣ የታሪክ ተማሪ ሥራ ገጾቹን ማድነቅ ወይም ማጣጣል ሳይሆን የጠፋውን ግማሽ ፈልጎ ከጎኑ ማስቀመጥ ነው።