ሀምበሪቾ ዱራሜ፦ ሜዳ ያልነበረው ባለሜዳ

በ2015 ዓ.ም. ከከፍተኛ ሊግ ምድቦቻቸው አንደኛ ሆነው የወጡ ሦስት ክለቦች ወደ ፕሪምየር ሊጉ አደጉ፦ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ ሻሸመኔ ከተማና ሀምበሪቾ ዱራሜ። ጎረቤት ሆሳዕና ነገሩን ቀድማ ታውቀዋለች፤ ሀዲያ ሆሳዕና በ2008 ገብቶ፣ ወዲያው ወርዶ፣ በ2012 ተመልሷል። ከዱራሜ በላይ ባለው፣ 777 ደረጃዎች በተሠሩለት ተራራ ስም የሚጠራው ክለብ ግን ትልቁን ሊግ ሲያይ የመጀመሪያው ነበር።

ዱራሜ ግን ክለቧን በሜዳዋ አላየችውም። ሊጉ ከ2013 ጀምሮ፣ በኮቪድ ማግስት የዲኤስቲቪ ሥርጭት ሲጀመር፣ በተመረጡ ከተሞች ብቻ የሚካሄድ ሆኖ ነበር። የ2016ቱ ውድድር በአዳማ ተጀመረ፣ ወደ ድሬዳዋ ተሻገረ፣ ሐዋሳ ላይ አለቀ። 16 ክለቦች፣ 30 ሳምንት፤ በመርሐ ግብሩ ሀምበሪቾ 15 ጊዜ «ባለሜዳ» ነው። የዱራሜ ደጋፊ በሀላባ አድርጎ፣ ሻሸመኔን አልፎ ሐዋሳ ሊደርስ ይችላል። ድሬዳዋን ግን ማን ይሞክረዋል? ዲኤስቲቪ ያለበት ቤት ቁጭ ብሎ ማየት ነው እንጂ።

ውጤቱ ከፋ። ሀምበሪቾ በሠንጠረዡ ግርጌ ጨረሰ፣ ከሻሸመኔ ጋርም ወረደ። አብሯቸው ያደገው ንግድ ባንክ በዚያው ዓመት ዋንጫውን ወሰደ! እርግጥ ባንኩም ቢሆን በሰው ከተማ ነው የተጫወተው፤ ስለዚህ የሜዳ ማጣት ብቻውን ሰበብ አይሆንም። የባንክ ካዝናና የትንሽ ከተማ ኪስ አንድ አይደሉም። ይሁን እንጂ ገንዘብ ለሌለው ክለብ ያለው ሀብት ደጋፊው ነው፤ ሀምበሪቾ የተነጠቀው እሱን ነው።

ለማነጻጸር ያህል፣ እንግሊዝ አገር ወደ 6 ሺህ ሰው የሚኖርባት ኔይልስወርዝ የምትባል ከተማ አለች። ክለቧ ፎረስት ግሪን ሮቨርስ በ1889 እ.ኤ.አ. ተመሥርቶ፣ ከሊግ ውጪ ባሉ ውድድሮች ሲኳትን ኖሮ በ2017 እ.ኤ.አ. ወደ አራተኛው እርከን ወጣ። በ2024 እ.ኤ.አ.፣ ሀምበሪቾ በወረደበት ዓመት፣ እሱም በሊጉ ግርጌ ጨርሶ ወረደ። ልዩነቱ፣ የኔይልስወርዝ ሰው ክለቡ ሲወጣም ሲወርድም በሜዳው ተገኝቶ አይቷል።

በ2017 ዓ.ም. ፕሪምየር ሊጉ የትግራይ ክለቦችን መልሶ ሲጀመር ዱራሜ በውስጡ አልነበረችም። የከተማው ሹማምንት ለቀጣዩ ዕድገት ተጫዋች ከማስፈረማቸው በፊት ደረጃውን የጠበቀ ሜዳ ይሥሩ፤ የሊጉ አክሲዮን ማኅበርም እንዲህ ላለ ክለብ ጥቂት ጨዋታ እንኳ በደጋፊው ፊት የሚያደርግበትን መንገድ ይፈልግ።