ቶሎ የሚወርደው ክብደት፦ ዳቦንና ስኳርን የመተው ታሪክ

ዳቦን፣ ስኳርንና ድንችን ትቶ ክብደት መቀነስ የዘመናችን ግኝት ቢመስልም በእንግሊዝ ሕዝብ ዘንድ የተስፋፋው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሲሆን፣ ያስፋፋውም ሐኪም ሳይሆን ዊሊያም ባንቲንግ የተባለ የለንደን ነዋሪ ነበር፤ የባንቲንግ ቤተሰብ የንጉሣውያንን የቀብር ሥርዓት በማሰናዳት የታወቀ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1862 ክብደቱ 202 ፓውንድ፣ ማለትም 92 ኪሎ ግራም ገደማ በደረሰ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር ያቅተው፣ ደረጃም ሲወርድ ጉልበቱን ለማዳን የኋሊት ይወርድ ነበር። ጆሮው መድከም ሲጀምር ወደ ሐኪሙ ወደ ዊሊያም ሃርቬይ ሄደ፤ ሃርቬይም ፓሪስ ላይ ክሎድ በርናር ስለ ስኳር በሽታና ስለ ጉበት የሰጠውን ትምህርት ተከታትሎ ስለነበር ዳቦ፣ ቅቤ፣ ወተት፣ ስኳር፣ ቢራና ድንች እንዲተው አዘዘው። ባንቲንግ በአንድ ዓመት ውስጥ 46 ፓውንድ ቀንሶ፣ በ1863 የመከራ ዘመኑንና የዳነበትን መንገድ በአንዲት ትንሽ ጽሑፍ ለሕዝብ አሳወቀ፤ የመጀመሪያዎቹንም ቅጂዎች በነጻ አደለ። ቅነሳው በዝግታ ዓመት የፈጀ በመሆኑ አብዛኛው እውነተኛ ስብ እንደነበር መገመት ይቻላል። ከእርሱ በኋላ የመጡ ሰዎች ግን በዓመቱ ውጤት ሳይሆን በመጀመሪያው ሳምንት ፍጥነት ተማረኩ።

የዚያ ፍጥነት ምስጢር ያለው ራሱ በርናር በ1857 ከጉበት ነጥሎ ባወጣው ንጥረ ነገር ውስጥ ነው። ግላይኮጅን ይባላል፤ ሰውነት ከእህል፣ ከሥራሥርና ከጣፋጭ የሚያገኘውን ካርቦሃይድሬት ለነገ የሚያስቀምጥበት መልክ ሲሆን፣ በጉበትና በጡንቻ ውስጥ የሚከማቸው በጠቅላላው ግማሽ ኪሎ ግራም ያህል ነው። እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን ግን ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ስለሚቀመጥ፣ ካርቦሃይድሬት ሲቋረጥና ክምችቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሲመናመን ያ ውሃ አብሮ ይለቀቃል። በተጨማሪም በደም ውስጥ ያለውን ስኳር የሚቆጣጠረው ኢንሱሊን የተባለው ሆርሞን ሲቀንስ ኩላሊት ሶዲየምን፣ ማለትም የጨውን አንዱን ክፍል፣ ከወትሮው አብልጦ ያስወጣል፤ ውሃም ይከተለዋል። ስለዚህ ገና ብዙ ስብ ሳይቃጠል ሚዛኑ ሁለት ሦስት ኪሎ ዝቅ ሊል ይችላል።

ይህ ዘግይቶ የታወቀ ነገር አልነበረም። የሰሜን ዋልታ አሳሹ ቪልያልሙር ስቴፋንሰንና ባልደረባው ካርስተን አንደርሰን ከ1928 ጀምሮ በኒው ዮርክ ሐኪሞች ክትትል ሥር ለአንድ ዓመት ያህል ሥጋና ስብ ብቻ ሲመገቡ፣ የመጀመሪያው ሳምንት ቅነሳ የሰውነት ውሃ መለዋወጥ እንደሆነ፣ ከዚያም በኋላ ክብደታቸው እምብዛም እንዳልተለወጠ ሐኪሞቹ በ1930 ጽፈዋል። የሚያሳዝነው፣ ይህ ግልጽ ቃል ከሳይንስ መጽሔት ወጥቶ ወደ ሕዝቡ አለመድረሱ ነው። በ1956 ለንደን ውስጥ ኬክዊክና ፓዋን የተባሉ ተመራማሪዎች፣ የካሎሪው መጠን እኩል ሆኖ ሳለ ስብ የበዛበት ምግብ ካርቦሃይድሬት ከበዛበት ይልቅ ክብደትን ፈጥኖ እንደሚያወርድ ዘገቡ፤ የሙከራው ጊዜ ግን አጭር ነበር፤ በ1960 ሌሎች የእንግሊዝ ሐኪሞች ጊዜውን አራዝመው ሲደግሙት ከመጀመሪያዎቹ ቀናት በኋላ ልዩነቱ ጠፋ። ያም ሆኖ ሐኪሙ ሮበርት አትኪንስ በ1972 ያሳተመው መጽሐፍ፣ መነሻው ላይ ካርቦሃይድሬትን ከሞላ ጎደል የሚያስወግድ በመሆኑ፣ ብዙ አንባቢዎችን በዚያው የመጀመሪያ ሳምንት ድል አሳመነ።

ጉዳዩን በቁጥር የለዩት ያንግና ቫን ኢታሊ የተባሉ ተመራማሪዎች ናቸው። በ1976 ባወጡት ጥናት፣ ስድስት ወፍራም ሰዎችን በቀን 800 ካሎሪ ብቻ እየመገቡ፣ በአንዱ የአሥር ቀን ጊዜ ካርቦሃይድሬት እጅግ ያነሰበትን፣ በሌላው የተቀላቀለውን ምግብ ሰጧቸው። በመጀመሪያው በቀን 467 ግራም፣ በሁለተኛው 278 ግራም ቀነሱ፤ ከዚህ ውስጥ ስብ የነበረው ግን በሁለቱም 165 ግራም ገደማ ነበር፤ የቀረው ልዩነት ከሞላ ጎደል ውሃ ነው። ወደ ዳቦና ወደ ድንች የተመለሰ ሰው የግላይኮጅን ጎተራው እንደገና ሲሞላ ይኸው ውሃ በጥቂት ቀናት ስለሚመለስ፣ ምክንያቱ ያልተነገረው ሰው የጨመረውን ሁሉ ስብ መስሎት፣ በእርግጥ ያቃጠለውን ጭምር እንዳጣ ቆጥሮ ጥረቱን እርግፍ አድርጎ ይተዋል።