የሸዋ በር ዲስክ

ስለ ሐረር የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከአሚር ኑር ግንብ ይነሣል፤ ጅብ ያበላል፤ ራምቦን ቡና ያስነግዳል፤ ከዚያም ይሰናበታል። እኔ ዛሬ የማነሣው ግን ማንም ታሪክ ብሎ ያልመዘገበውን አንድ ሸቀጥ ነው፤ የኳስ አፍቃሪዎች ራሳቸው ያበጁትን የእግር ኳስ ጌም። ዋጋው እንዴት ይተመን ነበር? ከማን እጅ ወደ ማን እጅስ ያልፍ ነበር?

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ኮናሚ የተባለው የጃፓን ኩባንያ «ዊኒንግ ኢለቨን»፣ በአውሮፓ ስሙ ደግሞ «ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር» እያለ ያወጣው የነበረው ጌም በጨዋታ ጣዕሙ እጅግ ተወዳጅ ነበር። ይሁንና በብዙ ክለቦችና ተጫዋቾች ስም የመጠቀም ፈቃድ አልነበረውም። በዚህም ሳቢያ ሮቤርቶ ካርሎስ በአንድ ወቅት «ሮቤርቶ ላርኮስ» ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው ስድስተኛው እትም ሊቨርፑል «መርሲሳይድ ሬድ»፣ ቼልሲ ደግሞ «ለንደን ኤፍሲ» ነበሩ። ቅዳሜን በዲኤስቲቪ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣቦ ለሚያሳልፍ ወጣት ይህ ስድብ ነው።

መላውን ያመጡት አፍቃሪዎቹ ናቸው። ጌሙ ራሱ የስምና የማሊያ ማረሚያ ክፍል ነበረው፤ የታረመውም 8 ሜጋባይት በምትይዝ ሚሞሪ ካርድ ላይ ይቀመጥ ነበር። በዚህ ያልረኩት ዲስኩን ራሱን ፈትተው ማሊያውን፣ ዝማሬውን፣ የጨዋታ አስተላላፊውን ድምፅ ሳይቀር ለውጠው እንደገና ይቀዱት ጀመር። አላን ጄፈርሰን እ.ኤ.አ. በ2007 በብራዚል የጀመረው «ቦምባ ፓች» የአገሩን ክለቦች በፕሌይ ስቴሽን 2 ላይ አሰለፈ፤ በየጎዳናው መደብም ተቸበቸበ። ሶኒ በ2013 መሣሪያውን ማምረት ካቆመ በኋላ እንኳ አዲስ እትሙ አልተቋረጠም። ከ155 ሚሊዮን በላይ የተሸጠ መሣሪያ ከየቤቱ በአንድ ጀምበር አይወጣምና!

ይህ የጓዳ ሥራ ሐረር እንዴት ደረሰ ቢባል፣ ሌላው ዕቃ ሁሉ በደረሰበት መንገድ ነው። ሐረሪዎች አስማዲን በሪ የሚሉት ሸዋ በር ከግንቡ ውጪ በተዘረጋው ገበያው የታወቀ ነው። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ደርሶ ሐረርን ወደ ጎን ቢተዋትም፣ ከጅቡቲና ከሶማሌ ጠረፍ የሚነሣው ዕቃ ግን መንገዱን አልሳተም። ፕሌይ ስቴሽኑና ጆይስቲኩ በዚያው ኮንትሮባንድ ወይም በድሬዳዋው ታይዋን ገበያ በኩል ይመጣ ነበር። ዋናው ዲስክ ተራ መቅጃ የማይጽፈው ምልክት ስላለበት መሣሪያው ቅጂውን አልቀበልም ይላል። ስለዚህ ጠጋኙ ክዳኑን ከፍቶ ትንሽ ቺፕ ይበይድበታል፤ ከዚያ ወዲያ የተሰጠውን ሁሉ ያነብባል።

ዋጋው እንግዳ ነበር። እኔ በማውቃቸው ሱቆች የሰው ሌሊት የፈሰሰበት የታረመ ጌምና የተቀዳ የህንድ ፊልም በአንድ ዋጋ ይሸጡ ነበር፤ የሚተመነው ባዶው ዲስክና የቀጂው ድካም ብቻ ነውና። ትርፉ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ በፕሌይ ስቴሽን ቤቱ። እዚያ ሒሳቡ እንደ ጆተኒ በጨዋታ ነው፤ ተሸናፊ ይከፍላል። ጌሙ አንዱን ግጥሚያ ከ5 እስከ 30 ደቂቃ ማድረግ ይፈቅዳል፤ የቤቱ ባለቤት ግን 5ን መርጦ ይዘጋዋል። ሐረር በአሚሮቿ ዘመን መሐለቅ የተባለ የገዛ ራሷን ሳንቲም ያተመች ከተማ ናት፤ ጥቃቅን ነገርን መተመን ታውቅበታለች።

ሕጉ ምን ይላል? የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከሥነ ጽሑፍ ሥራ እኩል ይጠብቃል። በዚህ ዓይን ሲታይ ስሙን ያረመው ሰው ያለ ፈቃድ የሌላውን ሥራ የነካ ነው፤ የራሱ ድካም ሲቸበቸብም አቤት የሚልበት ደጅ የለውም። በበኩሌ በሻጩ ላይ ለመፍረድ ልቤ አይደፍርም፤ ኮናሚ ሸዋ በር ላይ ሱቅ ከፍቶ አያውቅም። የሚከነክነኝ አራሚው ነው። ኩባንያው ስም አለው፤ ሻጩ ገንዘብ አለው፤ አራሚው ግን አንዱም የለውም።

በኋላ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። በእጅ ስልክ የሚጫወቱት የታረመ ጌም መጣ፤ ስልክ ቤቶችም ከዘፈንና ከፊልም ጋር በሚሞሪ ይጭኑት ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ኮናሚ ራሱ የጌሙን ስም «ኢፉትቦል» ብሎ ለውጦ በነጻ ለቀቀው።

ከዚያ በፊት ግን በሰፈራችን በአንዱ ቤት አንድ ልጅ ነበር። ሐረር ቢራ በፕሪሚየር ሊግ የሚጫወትበት ዘመን ነው፤ የአገራችን ሊግ በኮናሚ ዲስክ ላይ ቦታ አልነበረውም። ልጁ በማረሚያው ክፍል ገብቶ አንዱን ክለብ አፈረሰና ሐረር ቢራን ተከለ። የግዕዝ ፊደል ስላልነበረ የተጫዋቾቹን ስም በላቲን እየቆጠረ፣ ቁመታቸውንና ፍጥነታቸውን ከስታዲየም ባየው እየገመተ ሳምንታት ፈጀበት። የተከፈለው ዋጋ አንድ ነጻ ጨዋታ ነበር። ወሬው ተሰምቶ ከጀጎል ውስጥ ሳይቀር ልጆች ይመጡ ጀመር፤ ቤቱም ሞላ። ኋላ ካርዷ ስትጠብብ፣ ሒሳቡን በየቀኑ የሚከፍል አንድ ደንበኛ ረጅም ውድድሩን የሚያስቀምጥበት ቦታ ጠየቀ። ባለቤቱ ዝርዝሩን ከፍቶ ሐረር ቢራን ሰረዘው። ልጁ በማግስቱ መጥቶ ካርዷን ደጋግሞ ነቀለ፣ ሰካ፤ ከዚያ «መርሲሳይድ ሬድ»ን መርጦ ተጫወተ፤ ተሸንፎም ከፈለ።