የልዩ ፍላጎት ትምህርት ረዳት መምህር (በአሜሪካ)

በአካል፣ በአእምሮ ወይም በስሜት ጉዳት ምክንያት ከእኩዮቹ ጋር ለመማር የተለየ እገዛ የሚያሻውን ሕፃን፣ በዋናው መምህር መሪነት ሥር ሆኖ ዕለት ዕለት በቅርብ የሚረዳ የትምህርት ቤት ሠራተኛ ነው። ሥራው በአሜሪካ እየሰፋ የሄደው፣ ማናቸውም አካል ጉዳተኛ ሕፃን ያለ ክፍያ ተገቢውን ትምህርት እንዲያገኝ የሚያዝዘው ሕግ እ.ኤ.አ. በ1975 ከታወጀ ወዲህ ሲሆን፣ በ1990 ስሙ የተለወጠው ይኸው ሕግ ለእያንዳንዱ እንዲህ ላለ ተማሪ በጽሑፍ የተዘጋጀ የግል የትምህርት ዕቅድ እንዲኖር ያስገድዳል።

ረዳቱ ተሽከርካሪ ወንበር ይገፋል፣ ያጎርሳል፣ ያለብሳል፣ የልጁን ጠባይና እድገት በመዝገብ ያሰፍራል። የሙያው ረቂቅ ጥበብ ግን በመታገሥ ላይ ነው፤ መናገር የተሳነው ልጅ ውሃ ሲጠማው፣ ረዳቱ ኩባያውን ፈጥኖ ማቀበል እየቻለ፣ ልጁ የውሃ ሥዕል ያለበትን ካርድ በገዛ እጁ አንሥቶ እስኪሰጠው ድረስ እጁን ሰብስቦ ይጠብቃል። ማይክል ጂያንግሬኮና ባልደረቦቹ በ1997 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ከልጁ ጎን ፈጽሞ የማይለይ ረዳት፣ ቅን ልቡና ቢኖረውም እንኳ፣ ልጁን ከባልንጀሮቹ ሊነጥለውና የሰው እጅ ጠባቂ ሊያደርገው ይችላል። ይህን ያህል ማስተዋል የሚጠይቅ አገልግሎት ዝቅተኛ ደመወዝ የሚከፈለው መሆኑ እጅግ ያሳዝናል።

በ2002 የጸደቀ ሌላ ሕግ ደግሞ፣ ለድኻ ተማሪዎች በተመደበው የፌዴራል ገንዘብ በሚደገፉ ትምህርት ቤቶች በማስተማር የሚያግዙ ረዳቶች ሁለተኛ ደረጃን ከመጨረስ በላይ የሁለት ዓመት የኮሌጅ ትምህርት እንዲኖራቸው፣ አለዚያም የተወሰነ ፈተና እንዲያልፉ ደንግጓል።