የአያቴ ሰንጢ

መሬቱና ከብቱ ለልጆቻቸው ሲከፋፈል ለእኔ ለልጅ ልጃቸው የደረሰኝ ከመዳፌ የማይበልጥ አንድ የዛገ ሰንጢ ነው። ከከሚሴ ወጣ ብሎ፣ የጨፋ ረግረግ ከሚጀምርበት ዳር ባለው ቤታችን ሰንጢው የራሱ ታሪክ ነበረው፤ አያቴ በጎልማሳነታቸው ከአንድ የጣልያን መኮንን ወገብ የነጠቁት ነው ይባል ነበር። እኔም በልጅነቴ ይህንኑ ለጓደኞቼ ስተርክ ለመኮንኑ ማዕረግ እየጨመርኩለት ከሻምበልነት እስከ ኮሎኔልነት አድርሼዋለሁ።

ባለፈው ክረምት ዝገቱን ላነሣለት አሰብኩ። በብርጭቆ ወረቀት ልፈትገው ስል ግን ብረት ሠራተኛ የሆነ ወዳጄ ከለከለኝ። «ዝገቱ ሲፋቅ ጽሑፉም አብሮ ይፋቃል» አለኝ። ስለዚህ በዘይት አርሼ በለስላሳ ጨርቅ እያሸሁ ቀናት ጠበቅሁ።

የድሮ ሰንጢ መታወቂያው ብዙውን ጊዜ ስለቱ ከእጀታው በሚጋጠምበት ሥፍራ ይገኛል፤ ሠሪው ስሙንና ከተማውን የሚመታው እዚያ ላይ ነው። የጣልያን ቢሆን ኖሮ ማኒያጎ ወይም ስካርፔሪያ የሚል ጽሑፍ እጠብቅ ነበር፤ ሁለቱም ለብዙ ዘመን በስለት ሥራ የታወቁ የጣልያን ከተሞች ናቸውና። ከዝገቱ ሥር በላቲን ፊደል ብቅ ያለው ግን «ሼፊልድ» የሚል ነበር፤ የስለት ሠሪዎቿ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1624 በፓርላማ ሕግ የተቋቋመባት የእንግሊዝ ከተማ።

ከስሙ አጠገብ ሁለት ምልክቶች አሉ። አንደኛው ሦስት መስመሮች ጫፋቸው ላይ የገጠሙበት፣ የዶሮ እግር የሚመስል ቀስት ነው፤ የእንግሊዝ መንግሥት ንብረት መለያ። ሁለተኛው 1940 የሚል ቁጥር ነው። አጎቴ ይህን ቁጥር አይቶ «እንዲያማ ከሆነ ጣልያን ከወጣ ከሰባት ዓመት በኋላ የተሠራ ነው» አለ፤ በእኛ አቆጣጠር አንብቦት ነው። የእነሱ 1940 ግን የእኛ 1932 እና 1933 ዓ.ም. ነው። ቅርጹም ይመሰክራል፤ አንድ ሰፊ ስለት፣ አንድ የቆርቆሮ መክፈቻ፣ በጀርባው እንደ ወስፌ የሾለ ብረት፣ የገመድ ማሰሪያ ቀለበት፣ ጥቁር ሸካራ እጀታ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለእንግሊዝ ወታደር ይታደል የነበረው ሰንጢ ይህ ነው። ጣልያን በሰንጢው ላይ የተገኘው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስለቱን የሚይዘውን «ሞላ» የምንልበት ቃል ከጣልያንኛ የተዋስነው ነው።

እውነቱን ለመናገር አዘንኩ። አያቴን ዋሾ ያደረግኋቸው መሰለኝ።

ሐዘኔን ያበረደልኝ የአገሬ መንገድ ነው። መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከጣልያን እጅ ከወጣች በኋላ፣ በብርጋዴር ዳን ፒናር የሚመራው አንደኛው የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ወደ ደሴ ገሠገሠ። የሄደበትም መንገድ ጣልያኖች ራሳቸው የሠሩት፣ ጣርማበርን በዋሻ ሰንጥቆ፣ በሸዋ ሮቢትና በከሚሴ አልፎ ኮምቦልቻ የሚደርሰው ነው። ኮምቦልቻ ላይ ከባድ ውጊያ ተደረገ፤ የኢትዮጵያ አርበኞችም ተሰልፈውበታል። ደሴም ሚያዝያ 18 ቀን፣ ጃንሆይ አዲስ አበባ ከመግባታቸው ከዘጠኝ ቀን በፊት፣ ተያዘች። እንግዲህ ያ ጦር በጨፋ ሸለቆ፣ በቤታችን ደጃፍ ማለት ይቻላል፣ አልፏል።

ይሁን እንጂ ሰንጢው ከዚያ ጦር ኪስ ወጣ ብዬ አልምልም። ደቡብ አፍሪካ በጦር ንብረቷ ላይ ቀስቱን ትመታ የነበረው «ዩ» በምትባለው የላቲን ፊደል ውስጥ ነው፤ የእኔው ቀስት ብቻውን ነው። ከእንግሊዝ ግምጃ ቤት የታደለ ሊሆን ይችላል፤ ከዓመታት በኋላ ባቲ ሰኞ ገበያ የተገዛም ሊሆን ይችላል። ምልክት የት፣ መቼና ለማን እንደተሠራ ይናገራል፤ ከእጅ ወደ እጅ እንዴት እንደተሻገረ ግን አይናገርም።

ይህንን የሚናገር ሰው ፍለጋ ወደ ታላቋ አክስቴ ሄድኩ። የሰማሁትን ሁሉ ዘርዝሬ ስጨርስ ሳቀች።

«አባባ እኮ ከጣልያን ነጠቅሁ ብለው አያውቁም፣ ልጄ። ‹ፈረንጅ ሰጠኝ› ነበር የሚሉት። ጣልያን ያደረጋችሁት እናንተ ናችሁ።»

አያቴ አልዋሹም። በእሳቸው አፍ ፈረንጅ ሁሉ ፈረንጅ ነበር፤ እኛ ደግሞ ከጀግንነት ጋር ካልሆነ በቀር ፈረንጅን ማሰብ አልቻልንምና «ሰጠኝ» የሚለውን «ነጠቅሁ» አደረግነው። አንድ ሰው ለሌላው የሰጠው ስጦታ በሁለት ትውልድ ውስጥ ምርኮ ሆነ።

አክስቴ ሰንጢውን ከእጄ ተቀብላ፣ ዐይኗን ሳትጥል፣ ያንን ወስፌ መሰል ሹል በጥፍሯ ስባ አወጣችው። «በበጋ ከብቱ ወደ ጨፋ ሲወርድ፣ ሰኮናው መሐል የገባ እሾህና ጠጠር የሚያወጡበት ይህች ነበረች» አለችኝ። እንግሊዞች ዘንድ ይህ ሹል ከፈረስ ሰኮና ድንጋይ ማውጫ ነው የሚል የቆየ ወሬ አለ፤ የተሠራው ግን ለገመድ ሥራ፣ ቋጠሮ ለመፍታትና ለመጎንጎን ነው። እነሱ ዘንድ ወሬ ብቻ የነበረውን አያቴ ቦርከና ዳር ሥራ ላይ አውለውት ኖሩ።

ሰንጢው አሁን ዘይት ተቀብቶ መደርደሪያዬ ላይ ተቀምጧል። የኮሎኔሉን ማዕረግ ገፍፌዋለሁ።